የአያ ታፈረ ደም

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

መጣ። በገዛ እግሩ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ፣ እኔ በሐኪምነት ወደምሠራበት ክሊኒክ። አያ ታፈረ። በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ አባባን «ቢሮክራት» አስብሎ፣ ገመድ ጥሎ፣ ከቤታችን በላይ ያለውን ለም መሬት የወሰደብን የቀበሌያችን ሹም። የአባባ ጥፋት በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ መሆናቸው ነበር። ያን ክረምት ጦማችንን ያደርንበት ቀን ይበዛል።

አላወቀኝም። ሽንቱ ደም መቀላቀል ከጀመረ ከርሟል። አልትራሳውንዱ ፊኛው ውስጥ እብጠት አሳየ፤ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም። ደሙ እንዲመረመር አዘዝኩ። ነርሷም የካርድ ክፍል ሠራተኛዋም «እርስዎ» ሲሉት እኔ «አንተ» አልኩት። ነርሷ ደንግጣ አየችኝ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የደሙ ውጤት ደረሰ። ነጭ የደም ሕዋስ ዓይነቱ ብዙ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው በዝቶ ሊምፎሳይት የሚባለው ሲያንስ፣ የፊኛ ካንሰር ላለበት ሰው መጥፎ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ይሆናል። የታፈረ ኒውትሮፊል ጣሪያ ነክቷል። ሊምፎሳይቱ ወርዷል። ደጋግሜ አነበብኩት።

አላለሳለስኩለትም። «ባሕር ዳር ብትሄድም የምታተርፈው የለም። ቤትህን አሰናዳ» አልኩት። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት። ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሚስቱ ብቻዋን መጣች፣ ማስታገሻ ፍለጋ። ወገቡ መግል ይዞ ቤቱ ሸቷል አለች። የምን መግል? ለሕመሙ ብሎ ዋግምት አስደርጎ ኖሯል፤ ወገቡን በምላጭ አስበጥቶ፣ በቀንድ ደሙን አስመጥጦ። እንዳልቆጣው ብሎ ደበቀኝ።

እኔስ? ልብሱን አላስወለቅኩትም። እጄ እንዳይነካው ተጸይፌ። መግል የያዘ ቁስል ኒውትሮፊልን እንደሚያንር ጀማሪ ተማሪ ያውቃል። ያ ውጤት የካንሰሩ ይሁን የቁስሉ ማን ያውቃል!

በሷም፣ በሱም፣ በራሴም ተናደድኩ። የቁስል መድኃኒት አዘዝኩና ሲደርቅ ይመለስ ብዬ ሰደድኳት። ተሳስቻለሁ ግን አላልኳትም። ትንሽ ይሰቃይ ብዬ።

እሑድ፣ ጥር 18

ቡሬ ወርጄ ከዚያ በእግር አባባ ዘንድ ሄድኩ። ታፈረ ሽማግሌ ልኳል! ዶክተሯ ቀንህ ደርሷል ብላዋለችና ሳይሞት ይቅር ይበሉት ብለው ትናንት ደጅ ሲጠኑ ውለዋል። የጓጓሁለት ነገር። ቁጭ ብዬ በጆሮዬ በሰማሁት አልኩ።

አባባ ግን እሺ አላሏቸውም።

«ለሚሞት ሰው ይቅር የማይል የለም» አሉኝ። «ድኖ፣ ጉልበቱ ተመልሶ፣ ሰው እያየው ደጄ ቆሞ ይለምነኝ።»

ይድን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሊድን ይችል ይሆናል፣ ትሞታለህ ብዬ የነገርኩት በእርግጥ የማላውቀውን ነው አልኩ።

«እንግዲያው አድኚው» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ምሕረት የሚባል አልነበረም።

ሰኞ፣ ጥር 26

ቁስሉ ደርቋል። ዛሬ ራሴ ልብሱን አስወልቄ አየሁት። ደሙን ደግሜ አስመረመርኩ፤ ኒውትሮፊሉ ወርዷል፣ ሊምፎሳይቱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ይድናል ማለት አይደለም። እብጠቱ እዚያው ነው። ግን ባሕር ዳር ሄዶ ቀዶ ጥገና ሊሞከርለት ይገባል።

ያን ቀን መሳሳቴን ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ትክዝ አለ። አባባ ድኖ፣ ሰው እያየው ደጄ ቆሞ ይለምነኝ ማለታቸውን ሽማግሌዎቹ ነግረውታል።

«ልጄ፣ ባልሄድስ?» አለኝ።

ሞቱን እንዲህ አልፈራውም ነበር። ለሞቱማ ሽማግሌ መላክ በቅቶት ነበር።

«ትሄዳለህ» አልኩት። ክንዱን ይዤ መናኸሪያ ወሰድኩት፣ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ላይ ከሚስቱ ጋር አሳፈርኩት፣ እንዳይወርድብኝ እስኪነሳ ድረስ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው እንዲድን እንደዚህ ተስዬ አላውቅም።