ሚርያም በእምነት ግቢ የተባለችበት ባሕር

ልጄ ሚርያም ልትጠመቅ ነው፣ እታለሜ! ቀኑ ተቆረጠ። ሰላምታ ላስቀድም ብል ወሬው አፌ ውስጥ አላርፍ ብሎኝ ነውና ይቅር በይኝ። እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃው ላይ ያስቆምሻል? ጋሽ ሀይለየሱስ ከስኳር በሽታው ጋር እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ የእኔን ንዴት ካልቆጠርሽው።

እስካሁን በስልክ ያልነገርኩሽ መጮኼ ስለማይቀር ነው። ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እንደ ልማዱ ለጥምቀት በፌሪ መርከብ ከከተማው ማዶ ወዳለችው ደሴት ተሻገረ። መስተንግዶውን የምትመራው ፍቅርአዲስ ነጫጮቹን የጥምቀት ልብሶች አሸዋ እንዳይነካቸው ብላ ዳርቻው ላይ ያገኘችው ምሰሶ ላይ ደራርባ ሰቀለቻቸው። ሚርያም የመጨረሻዋ ተጠማቂ ነበረች። የቀረውን አንድ ልብስ ስታነሳ ከሥሩ ማስታወቂያ ብቅ አለ። የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ቆሻሻው ባሕሩ ውስጥ ገብቷል፣ ውሃውን አትንኩ ይላል። እዚያው ጮክ ብላ አነበበችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ኢሳይያስ፣ ሌሎቹን አጥምቆ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ውሃው ኩልል ብሎ እየታየ ምን ያስፈራሻል፣ በእምነት ግቢ!

ልጄም «ጋሼ፣ ጌታን አምነዋለሁ፤ ይሄን ውሃ ግን አላምነውም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ያልተባለች ነገር የለም። እምነቷ ገና ነው፣ ትምህርቱን ትድገም ተባለ። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ታላቅ አያከብርም አሉ። ልጆች ሳለን እማዬ የፍሳሹ ቱቦ ከሚገባበት በኩል የአገራችንን ሐይቅ እንዳንነካ በአርጩሜ ስታባርረን እምነት ጎድሏት ነበር? ልጄ ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ፈገግ ማለት አቃተኝ። ፍቅርአዲስማ ምሰሶ እንጂ ማስታወቂያ አላየሁም ትላለች። በልብስ ሸፍነሽው ከየት ታዪዋለሽ! የደሴቷ ሰዎችም ቢሆኑ ለዚያ ሁሉ ዳርቻ አንዲት ሰሌዳ? እዚህ ሰፈራችን ቢከን ሂል ድመት ስትጠፋ እንኳ በየምሰሶው ይለጠፋል።

ሶ፣ በሳምንቱ ውሃው ውስጥ የገቡት ሁሉ በተቅማጥና በትውከት ተኙ። ጋሽ ኢሳይያስም ጭምር። ደስ አለኝ ብል ኃጢአት ነው። ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩለት፣ ግን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ሳልገባ ተመለስኩ። ሲሻለው ሚርያምን ኮል አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ትምህርቱም ቀረ። እሷም ማንም እግሩን ሳይነክር የውሃውን የምርመራ ውጤት ለሰዉ ሁሉ እኔ ላንብብ አለችው። እሺ ብሏል። ትናንት ውሃው ጠርቷል ተብሎ ዳርቻው ተከፈተ፤ ከእንግዲህም በየሳምንቱ ይመረመራል። ንዴቴ ግን አልበረደም። በዕለቱ ልብሶቹን የምይዘው እኔ ነኝ፣ በገዛ ክንዴ።

ለጋሽ ሀይለየሱስ ሰላም በይልኝ። ዘሪቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። ናኦልን ሐይቅ ሲወርድ ከቱቦው ይራቅ፣ አክስትህ ብላለች በዪው። ለጎረቤትሽ ለሥራዬም ስለ ጸሎቷ አመስግኚልኝ።

በቪዲዮ እደውላለሁ። ሥራ አለኝ፣ መንገድ አለኝ የሚል እንዳልሰማ፤ ሁላችሁም አንቺ ሳሎን ተሰብስባችሁ እልል እንድትሉልኝ የምፈልገው ቅዳሜ ነሐሴ 9፣ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው።

እህትሽ ማንአልሞሽ
ሲያትል፣ ሐምሌ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.