በኤረር በር የጠለቀችው ፀሐይ

ለልጄ ለልደት ወልደሚካኤል፤ ካለሽበት ሙስካት ይድረስሽ።

ልጄ፣ ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ሰላምታዬን ከተቀበልሽ በኋላ ብነግርሽ ሁለተኛ ያታለልኩሽ ይመስለኛል። የዛሬ አራት ዓመት የመጽሐፍሽን ረቂቅ «አባዬ፣ ስህተት ካዩ ምልክት ያድርጉበት» ብለሽ ስትሰጪኝ ሁለት ትልልቅ ስህተቶች አግኝቼ ነበር። በእርሳስ አሰመርኩባቸው። በማግስቱ ላጲስ ወስጄ መስመሩን አጠፋሁትና «እንከን አላየሁበትም፤ አሳትሚው» ብዬ መለስኩልሽ። ረስቼ አይደለም፤ አውቄ ነው ያደረግሁት።

አሁን እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ደረጃውን ተንበርክከሽ መወልወሉን እመቤቲቱ ተወችልሽ ወይስ እንደዚያው ነሽ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ወዲያው ስለ እኔ ጉልበት ስለምትጠይቂ እውነቱን አላውቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ በቀር አያስቸግረኝም። የእናትሽን የበለጡን የሙት ዓመት በአቅማችን ዘክረናል፤ ነፍሷን ይማር።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለማላምነው ነው። ገና ስጀምር «ተዉት ይቅር፣ አባዬ» ትይኛለሽ፤ እኔም በዚያው እገላገላለሁ። የጎረቤታችን የሙባረክ ልጅ ኸዲጃ ለእረፍት መጥታ ሰኞ ወደ ሙስካት ስለምትመለስ በእጇ እሰድልሻለሁ። ፖስታውን እንዳትከፍተው አደራ ብያታለሁ፤ ብትከፍተውም አልቀየማትም።

ባለፈው ወር የጻፍሽልኝን መልእክት ከአሥር ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። ውልሽ በሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ሌላ ሁለት ዓመት ልፈርም ወይስ ተመልሼ በደብተር የጻፍሁትን ሁለተኛውን መጽሐፍ ላሳትም ብለሽ ጠየቅሽኝ። «እርስዎ የሐረርን አንባቢ ያውቁታል፤ እጅሽን አሳርፊ ብሎኛል፣ እኔም አሳርፌ ነበር፤ ግን እዚህ ቤት መጽሐፍ የተገዛው ለጌጥ ነው፣ አቧራውን በጠረግሁ ቁጥር እጄ ይበላኛል» አልሽ። እጅሽን አሳርፊ ያለሽ የሐረር አንባቢ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የመጽሐፍ ማከራያችንን ደጅ ታውቂዋለሽ። ስልክ ከመጣ ወዲህ የፍቅር መጽሐፍ የሚከራይ ጠፍቷል፤ የስለላው ግን ዛሬም መደርደሪያ ላይ አይቆይም። አግዳሚዋ ላይ የሚቀመጡት እነዚያው ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ንባብ ይፈርዱበታል። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ቅዳሜ ነው ያለው። ያን ቀን ካለፈ እጅ በእጅ ይዞራል፤ ከወደቀ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወርደዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የሚጠይቀው የለም። ሾፌር የነበረው ሙሜ መጽሐፍ የሚጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው፤ ከዳተኛው ማን እንደሆነ አውቄ ነው የምገባው፣ እኔን ደራሲ አያታልለኝም ይላል። የጂኦግራፊ መምህር የነበረው ተክለጻድቅ ሰላዩ ካገር አገር በዞረ ቁጥር ካርታ ዘርግቶ ይከተለዋል። ልብስ ሰፊዋ ሰልማ ደግሞ የሚያለቅስ ሰላይ አትወድም፤ «ማልቀሱን እኛም እንችላለን፤ እሱ ሥራውን ይሥራ» ትላለች።

ያንቺ መጽሐፍ ቅዳሜ ሲደርስ፣ እንዳዘዝሽኝ፣ ልጄ የጻፈችው ነው አላልኳቸውም። ለእኔ ብለው እንዳያዳሉ ነበር የፈለግሽው። ሽፋኑ ላይ «ዮሲ» የሚል የወንድ ስም አይተው የአዲስ አበባ ሰው መሰላቸው።

የጀመረው ሙሜ ነው። «ማካሮቭ ሽጉጥ ስምንት ጥይት ነው የሚይዘው። የዮሲ ሰው ግን የጥይት ካርታ ሳይቀይር አሥራ አንድ ተኮሰ። ወላሂ፣ ሦስቱን የተኮሰው በአፉ ነው፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ» አለ። መምህር ተክለጻድቅ ተራውን ጠብቆ መነጽሩን ጠረገና ያንን የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠ። «ሰላዩ በኤረር በር ወጥቶ ሲሄድ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ጠለቀች ይለናል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ፀሐይ በምሥራቅ፣ በባቢሌ በኩል ስትጠልቅ አላየሁም። ምናልባት ሰውየው የሚሄደው የኋሊት ይሆናል» አለ። ይህን ሲል ሙሜ ብድግ ብሎ ከማከራያው ደጅ እስከ ታክሲዎቹ ድረስ የኋሊት እየሄደ፣ በጣቱ እያነጣጠረ፣ ጧ ጧ ይል ጀመር። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ ጫት ሻጮቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለወራት መንገድ የሳተ ሰው «ዮሲ ሆንክ እንዴ?» ይባል ነበር።

እኔስ? እኔም ሳቅሁ። ለማስመሰል የሳቅሁ እንዳይመስልሽ፤ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት። ማካሮቭ ስንት ጥይት እንደሚይዝ ለእኔ ማን ይነግረኛል? በወታደርነቴ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኜ ስወለውለው የኖርኩት ነው። ኤረር በር በየት በኩል እንደሆነም የማያውቅ ሐረሬ የለም፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያ ሌላ በር ጽፈሽ ኋላ ስትቀይሪው ፀሐይዋን መቀየር ረሳሽ እንጂ። ስንቱ ደራሲ እንዲህ ይረሳል። የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያንቺ አስታዋሽ እኔ ነበርኩ።

ስቀው ስቀው ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞረው «አንተ የመጽሐፍ ሰው፣ ምን ትፈርዳለህ?» አሉኝ። «ይህ ዮሲ የሚባለው ሰው እጁን ቢያሳርፍ ለእሱም ለእኛም ይሻላል» አልኩ። ፍርዱ በዚያው ጸደቀ። ከፍርዱ በፊት ግን ሰልማ የተናገረችውን ሰምተሽው አታውቂም። «ሳቁ፤ እኔ ግን መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሴቲቱ ሰላይ ወረቀቱን ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ስትሰፋው መርፌው እኔን ወጋኝ። ይህን የጻፈ ወንድ አይመስለኝም። ሌላ ካለው አምጡልኝ» ነበር ያለችው። ሙሜ «አንቺ ክርና መርፌ ካየሽ የስልክ ማውጫም ታነቢያለሽ» ብሎ ቀለደባት። እሱ ራሱ ግን ያን ጊዜ መጽሐፉን ለሦስት ሳምንት አልመለሰውም፤ ስጠይቀው «ለመሳቅ ነው የያዝሁት» አለኝ። አንድ ቀን ሳገኘው መኻሉን ገልጦ እያነበበ ነበር፤ ሳቅ ፊቱ ላይ አልነበረም።

ይህን የሰልማንና የሙሜን ነገር ደበቅሁሽ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂኝ ነበር። ራት እስክታቀርቢ ጠበቅሁና ስለ ጥይቱም፣ ስለ ፀሐይዋም፣ ሙሜ የኋሊት ስለ መሄዱም አንድ ሳላስቀር ነገርኩሽ። ጧ ጧ ሲል እንኳ እንዴት እንዳለ አሳየሁሽ። «በመጨረሻ እጁን ቢያሳርፍ ይሻላል ብለው ፈረዱ» አልኩ፤ ማን እንዳለው አልተናገርኩም። «በቃ?» አልሽኝ። «በቃ» አልኩሽ። ሳህኑን አነሳሽና አጠብሽ። አንድ ዘለላ እንባ አላየሁብሽም፤ ልጄ፣ ያን ጊዜ ብታለቅሺ ምናልባት እናገር ነበር እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስሰጥ ኖሬያለሁ። እሱም ውሸት ነው።

ለምን አደረግሁት? እናትሽ ካረፈች ገና ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ ከተወደደ አዲስ አበባ ሄጄ እኖራለሁ ማለትሽን ሰምቼ ብቻዬን ገበታ ላይ መቀመጥ ፈራሁ። ይህ ለሰው ሲነገር ያሳዝናል፤ ለዚህም ነው ስጠረጥረው የኖርኩት። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሳነብ፣ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ እያልኩ ከአንድ ገጽ አላለፍኩም። አንቺ በሃያ አራት ዓመትሽ ያን ሁሉ ገጽ ጽፈሽ ጭኔ ላይ ስታስቀምጪው ደስ አላለኝም። ስህተቱን ሳገኝ ነው ደስ ያለኝ። ቤት እንድትቀሪ አድርጌ የሠራሁት ሥራ ደግሞ የሰው አገር ደረጃ ወልዋይ አደረገሽ፤ እኔም ይኸው ብቻዬን እበላለሁ።

በየዓመቱ ንስሐ እገባለሁ። ለንስሐ አባቴ የሻርኩትን ጾም፣ የተቆጣሁትን ቁጣ ሁሉ ዘርዝሬ ይህችን ብቻ እዘላት ነበር። በዘንድሮው ዐቢይ ጾም ነገርኳቸው። «ለእኔ ነግረህ ልትገላገል ነው? ከልጅህ የወሰድኸውን ለልጅህ መልስ፤ በሐሰት በፈረድህበት ሸንጎም እውነቱን ተናገር» አሉኝ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር፤ ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ልፈርም ወይስ ልምጣ ላልሽው እኔ ፍርድ አልሰጥሽም፤ አንድ ጊዜ ሰጥቼ ያደረግሁሽን አይተሻል። የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። መጽሐፍሽን የጣለው ያ ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱንም እኔ ባስተካክለው ኖሮ ቅዳሜውን ያልፍ ነበር። ሰልማ ሌላ ካለው ብላ ጠይቃለች። ብትመጪ ደግሞ ለእኔ ብለሽ እንዳይሆን። ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤን ስመረምረው፣ ተመልሰሽ ራት እንድታቀርቢልኝ የሚፈልግ ጥግ አላጣሁበትም። ሁለተኛውን ደብተርሽን ለእኔ አትስጪኝ፤ ለመምህር ተክለጻድቅ ስጪው፣ እሱ ፊት ለፊት ነው የሚናከሰው። ይቅርታም አልለምንሽም፤ ለምኜሽ እምቢ ማለት ቢያቅትሽ ሌላ በደል ይሆንብኛል።

ወንድምሽ ወንድወሰን በጣም ናፍቃኛለች ይልሻል፤ ይህን ነገር ገና አልነገርኩትም፣ የሚሰማው ካንቺ በኋላ ነው። ሚስቱ ብሌን ከጉንጭሽ ትስምሻለች፤ በነሐሴ ትወልዳለች፣ ሆዷም ደህና ነው። ሙባረክና ባለቤቱ ዱዓ እናደርግላታለን ብለውሻል። የንስሐ አባታችን በጸሎታቸው ያስቡሻል። አቦከር ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ እንደምን አለሽ ይሉሻል።

ፖስታውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር፤ ነገር ግን ቅዳሜ ስለሆነ አስቀመጥኩትና ወደ ማከራያው ሄድኩ። አሁን ከዚያ መመለሴ ነው። ሦስቱም ነበሩ፤ አንድ አዲስ የስለላ መጽሐፍ ይዘው ሙሜ «ይሄኛውም የዮሲ ዘመድ ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር። መጽሐፍሽን ከታችኛው መደርደሪያ አውጥቼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩና «ዮሲ ልጄ ልደት ናት» አልኳቸው። ሰልማ ሌሎቹን ዞራ ሳታያቸው «ወንድ አይደለም ብያለሁ» አለች። መምህር አንገቱን ደፋ። ሙሜ ድምፁን አለስልሶ፣ «ወልዴ፣ ልጅቱ ሽጉጥ ከየት ታውቃለች፤ በኛ ነው ያፈርኩት። አንተ ግን ማካሮቭ ስትወለውል የኖርክ ሰው፣ ያኔ ሐዘን ላይ ነበርክና ሳታነበው አልፈህ ነው፤ አይደል?» አለኝ። ለእኔ አዝኖ መውጫ በር መክፈቱ ነበር። «አዎ» ብል ሁሉም አብረውኝ ያዝኑና ቅዳሜዬ እንደ ድሮው ይቀጥል ነበር፤ ከእነሱ ሌላ ደግሞ የማወራው ሰው የለኝም። ተነሥቼ ቆምኩና «አንብቤዋለሁ። ሁለቱንም ስህተት አይቼ፣ እንድትስቁባት ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አልኳቸው።

አባትሽ ወልደሚካኤል
ሐረር፣ አቦከር
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.