አንደኛ የወጣችሁብን ዓመት

ውድ ናሁሰናይ፣

ህይወት ማንኩሳ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ያለቀሰችው በአንተ ምክንያት ነው። በቀበሌያችን ሊቀመንበር በአድማሴ አይደለም፤ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። በርእሰ መምህሩም አይደለም፤ እሱ የቀረበለትን ወረቀት ነው ያነበበው። በአንተ ነው። በእህቴ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲው ዶክተር። ይህን ከላይ ያደረግሁት ሥራ በዝቶብህ ደብዳቤውን መሃል ላይ ብታስቀምጠው እንኳ ይህችን ሳታነብ እንዳትቀር ብዬ ነው።

ህይወትን ታውቃታለህ። ከእኔ ቤት በታች ያለችው፣ በልጅነቷ ተድራ በልጅነቷ የተፈታችው፣ ልጇን አዝላ ትምህርት ትመጣ የነበረችው። መልኳን ብትረሳ ድምጿን አትረሳም፤ ጥያቄ የምታበዛው እሷ ነበረች። "ዶክተር፣ ይህን ስንጨርስ እውነት ትምህርት ቤት ያስገቡናል?" ስትልህ፣ "ሁለቱን ዓመት ጨርሱልኝ እንጂ እጃችሁን ይዤ ነው የማስገባችሁ" ብለሃታል። እሷ ያንን ቃል እንደ መሐላ ያዘችው። ደህና ሰው ለትዳር ሲጠይቃት እንኳ "ትምህርት ይዣለሁ" ብላ መለሰችው። እናቷ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. በነጭ መኪና ስትመጣልን እኔም ከእሷ ያላነሰ ነው የተደሰትኩት። በገበሬ ማሰልጠኛው አዳራሽ ሴቶቹን ሁሉ ሰብስበህ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ለአገሬው አገልግሎት መስጠት እንዳለበት፣ ፊደል ልታስቆጥሩን እንደመጣችሁ ነገርከን። ሰሌዳ አመጣህ፣ የፀሐይ መብራት አስተከልህ፣ ያምሮት የምትባል ሦስተኛ ዓመት ተማሪ መደብክልን። እኔ ያን ጊዜ ሃምሳ አልፎኝ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ወንድሞቼን ለየኔታ ሰጥቶ እኔን ያስቀረኝ "ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ለማን ልትጽፍ ነው?" ብሎ ነው። ይኸው ለማን እንደምጽፍ ታየዋለህ።

በርበሬ የሚለቀምበት ወር ነበር። ቀኑን ሙሉ ለቅመን እንመጣና እጃችን እየተቃጠለ እርሳስ እንይዛለን። አንዷ ረስታ ዓይኗን ካሸች ትምህርቱ ይቆማል፤ እሷ ስትጮህ እኛ ስንስቅ፣ ያምሮት በጀሪካን ውሃ ይዛ ስትሮጥ። "እናቶቼ፣ እባካችሁ ፊታችሁን አትንኩ! እንኳን ዓይናችሁ ደብተሩም ተቃጥሏል!" ትለን ነበር። እንዲህ እየሆንን ነው ሀሁን የጨረስነው። ዓመቱ ሲያልቅ እኔ አጭር አጭር ነገር አነብ ነበር። ህይወት ከእኔ በጣም ትፈጥናለች፤ መደመርና መቀነስ ጨርሳ ማባዛት ጀምራ ነበር። ማካፈል የሁለተኛው ዓመት ነው ተባለ።

ሁለተኛው ዓመት ሳይጀመር ገምጋሚዎች ይመጣሉ አልከን።

ያን ቀን በማለዳ ደረስህ። ከመኪናህ የወረዱት ግን ገምጋሚዎች አልነበሩም። ከከተማ ትምህርት ቤት ያመጣሃቸው የሰባተኛ ክፍል ልጃገረዶች ናቸው። ለሴቶቹ "እናቶቼ፣ ለዛሬ ብቻ ቀሚስና ነጠላ አውሷቸው" አልክ። ሴቶቹም ምንም ሳይጠይቁ እየሮጡ ሄደው አመጡ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ልጆቹ በእነሱ ስም እንደሚፈተኑ ገብቷቸው አይደለም። በእኛ አገር እንግዳ የሚመጣበት ቤት የጎደለው ሁሉ ከጎረቤት ይሞላል፤ ሙሉልኝ የተባለ ጎረቤት እንቢ አይልም። አንተ የእኛው ልጅ ስለሆንክ ያንን ታውቅ ነበር፤ በዚያው ገባህብን።

እኔ ብቻ ነኝ ቀሚሴን ያላዋስኩ። "እነዚህ ልጆች ምን ሊያደርጉ ነው?" ስልህ፣

"ፊት ተቀምጠው ያነባሉ እቴቴ። እርስዎ ከኋላ ይቀመጡልኝ።"

"እኔስ አነብ የለም እንዴ?"

"ያነባሉ፤ ግን ቀስ ይላሉ። ሰዎቹ ጊዜ የላቸውም።"

አንጓች፣ ቀልድ የማታጣው ጎረቤቴ፣ የእሷን ቀሚስ የለበሰችውን ልጅ ዞር ዞር ብላ አየቻትና "እኔን ትመስላለች፤ ባሌ ሳያያት ቶሎ መልሷት" አለች። ሁሉም ሳቁ። አንተም ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም።

ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ልጆቹ እየተነሱ እንደ ውሃ አነበቡት። ከሦስቱ አንዷ ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸው ደግ። እነዚያን የቆነጃጅት እጆች አይተው ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም። ወደ ኋላ መጥተው እኔ ፊት ቆሙና "እናቴ፣ እርስዎስ ያነባሉ?" አሉኝ።

ልነሳ ስል አንተ መሃላችን ገባህ። "እሳቸው ጆሯቸው አይሰማም። ለማየት ነው የመጡት" አልክ።

"ኧረ እሰማለሁ!" አልኩ።

አንተ ግን ጎንበስ ብለህ፣ አፍህን ጆሮዬ ላይ ደቅነህ፣ "እቴቴ! እንግዶቹ! ደህና ናችሁ ወይ ነው የሚሉት! እግዚአብሔር ይመስገን በሏቸው!" ብለህ ጮህክብኝ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋ አዘኑልኝና ትከሻዬን ዳበስ አድርገው አለፉ። እንደገና አፌን ስከፍት አንጓች ነጠላዬን ጎተተችኝ። "ተይ ሀብትነሽ። በእንግዳ ፊት የእህትሽን ልጅ ልታዋርጂው ነው?" አለችኝ። አንተ እኔን ስታዋርደኝ ግን ነጠላህን የጎተተው የለም።

እህቴ ነፍሷን ይማረውና፣ አባትህ እንዴት እንዳገባት ነግራህ ይሆን? የእኛ ሽማግሌዎች ቤቱን አይተው እንዲመጡ ተልከው ነበር። ሲደርሱ ግቢው በበሬ ሞልቷል፣ ጎተራው እስከ አፉ ድረስ ነው። ጠጥተው በልተው "ልጅቷ ጥጋብ ቤት ነው የምትገባው" እያሉ ተመለሱ። በሬዎቹ ሲመሽ ወደየጌቶቻቸው ሄዱ። እህቴ የገባችው አንድ በሬና አንዲት የምታነክስ ላም ያለበት ቤት ነው። እኛ ልናፋታት ተነስተን ነበር። አባትህ ግን መጥቶ አባቴ እግር ላይ ወደቀና "ያሳየኋችሁን አመጣለሁ" አለ። ማሳ እየተኮናተረ፣ የሰው መሬት የእኩል እያረሰ፣ ክረምት ከበጋ ተንከራትቶ አመጣውም። አንተ አንደኛ ክፍል ስትገባ ግቢው ውስጥ የነበሩት በሬዎች የራሱ ነበሩ። አባትህ ዋሽቶ አፈረ፤ አፍሮም ሠራ። አንተ ዋሽተህ ተሸለምክ።

መሸለምህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ለገበያ ፍኖተ ሰላም ወርጄ፣ አደባባዩ አጠገብ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ አየሁ። ከጨርቁ ላይ ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የአንጓችን ቀሚስ ለብሳ ትስቃለች። ከክፍል ውጭ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ ፊደል በፊደል፣ እየመለስኩ። ዩኒቨርሲቲው በማኅበረሰብ አገልግሎት ከእኩዮቹ አንደኛ ወጣ ይላል። የእኛን ቀበሌ በስሟ ጠርቶ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የሌለባት ይላል።

ባጃጁን አቁሞ ሰው የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ቆሜ ስቀር አየኝና "እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ? ምን ይላል?" አለኝ ለማሾፍ።

"ውሸት ይላል" አልኩት።

"ኧረ ይተዉ! በዚህ በትልቁ ተጽፎ?"

ከዚያ በኋላ ነጩ መኪና አልመጣም። ያምሮት አልመጣችም። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው የፀሐይ መብራቱን ነቅለው ወሰዱ፤ ለሌላ ጣቢያ ነው አሉ። ለእኛ ለእያንዳንዳችን ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት በአድማሴ በኩል ተላከልን። ሁለቱን ዓመት አጠናቀዋል ይላል። ሴቶቹ እልል አሉ። ህይወትም እልል አለች፤ ቃልህን የጠበቅህ መስሏት ነበር።

ያንን ወረቀት ይዛ ነው ማንኩሳ የሄደችው። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። አስቀምጦ ፈተናት። ንባቡን አለፈች፣ ማካፈሉ ላይ ቆመች። "ልጄ፣ በዚህ እዚህ መግባት አትችዪም። ወደ ጎልማሶች ትምህርት ተመለሺና ጨርሺ" አላት። እኛ ቀበሌ ተዘግቷል አልነው። ወደ ጎረቤት ቀበሌ ላከን። እዚያ ያለው አስተማሪ ወረቀቷን አይቶ "አንቺማ ጨርሰሻል! ያጠናቀቀ ሰው መመዝገብ አንችልም" አለ። ወደ ርእሰ መምህሩ ተመለስን። እሱም ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና "እንግዲህ ምን ላድርግሽ? እንዳላስገባሽ አልተማርሽም፤ እንዳትማሪ ተምረሻል" አላት። ያን ጊዜ ነው ደጃፉ ላይ ወጥታ ያለቀሰችው። ልጇ "እማዬ፣ መቱሽ?" ይላታል።

ይህን ልነግርህ ነው ዩኒቨርሲቲው ድረስ የመጣሁት። ቢሮህ ውስጥ ሻይ አዘዝክልኝ፤ ደግ ሆነህ ነው የተቀበልከኝ፣ እሱን አልክድም። ግድግዳው ላይ ዋንጫ የያዝክበት ፎቶግራፍ ነበር።

"እቴቴ፣ ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ ስለማያውቁት ነው። ታች ከወጣን በጀት ይቀነስብናል። መምህራን ይሸሹናል። ጎበዝ ተማሪ አይመርጠንም። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ እኛ ብቻ እውነቱን ብናሳይ መጨረሻ የምንወጣው እኛ ነን።"

"በጀቱ መጣ?" አልኩህ።

"መጣ።"

"ታዲያ ለእኛ አንዲት አስተማሪ መላክ አቃተው?"

"የእናንተ ቀበሌ እኮ ተጠናቋል እቴቴ። በተጠናቀቀ ቦታ ላይ ገንዘብ ባወጣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

ያንን ስትል አፍረህ ነው ብዬ ፊትህን አየሁት። አላፈርክም። እውነት መስሎህ ነበር። እኔ መዋሸትህን የምታውቅ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ አንተ ግን የዋሸኸውን አምነህ ቁጭ ብለሃል። አንደኛ የወጣው ምናችሁ ነው? እኛን ማስተማራችሁ ከሆነ አላስተማራችሁንም። የተመዘነው የእነዚያ ልጆች ንባብ ነው፤ እነሱን ያስተማራቸው ደግሞ ከደመወዙ ሌላ ያላገኘ የከተማ መምህር ነው። ዋንጫውን ለእሱ ስጠው። ደግሞ እናንተን አንደኛ ናችሁ ብሎ ልጁን የሚልክላችሁ ወላጅ ምን አጠፋ? እሱም እንደኛ ሽማግሌዎች የሰው በሬ ቆጥሮ ነው የሚመለሰው።

ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩህም። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ አስበህበት ህይወትን ትጠራት ይሆናል ብዬ ነው። የአንተ አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ "ይህች ልጅ አልጨረሰችም" የምትል። ዓመት ጠበቅን። አላልክም።

አሁን በዚህ ሳምንት ይርሳውን ላክህብኝ። ያው የእናንተ ሾፌር፤ ከመኪናው ሳይወርድ ነው የነገረኝ። "ዶክተር እንዲህ ብለዋል፦ በጥር ገምጋሚዎች እንደገና ይመጣሉ፣ ያለፈው ሥራ ምን እንደደረሰ ሊያዩ ነው። እቴቴ ሴቶቹን ይሰብስቡልኝ፤ እርስዎን ያምኑዎታል" አለኝ። ለህይወት ምን ብሏል ብዬ ጠየቅሁት። "እሷም ነጭ ለብሳ ትምጣ፤ የተማረች ተብላ ትናገራለች" አለኝ።

ለይርሳው መልስ አልሰጠሁትም። ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው፣ ምን አደርገዋለሁ። መልሱ ይኸው ነው።

ሴቶቹን አልሰበስብም። ራሳቸው ልምጣ ቢሉ አልከለክላቸውም፤ ግን ምን እንደተደረገባቸው እንዲያውቁ ይህን ደብዳቤ አንብቤላቸዋለሁ፤ አንጓችም ሰምታ እንደ ልማዷ አልቀለደችም። ህይወት ትመጣለች፤ ነጭ ለብሳ ግን አይደለም። የምስክር ወረቀቱን ይዛ መጥታ፣ ለእኒያ መነጽር ላደረጉት ሴትዮ ወይም በእሳቸው ቦታ ለመጣው ሰው፣ አልጨረስኩምና ሰርዙልኝ ትላለች። ከጎኗ እቆማለሁ። አስቀድሜ የምነግርህ ልትከለክለን ሳይሆን፣ ከእኛ በፊት ራስህ ብትናገረው ይሻላል ብዬ ነው። እናትህ ብትኖር እሷም ይህንኑ ነበር የምትልህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ በዚህ ዕድሜዬ ሳነብ ያየ ሁሉ ማን አስተማረሽ ይለኛል። የእህቴ ልጅ፣ ዶክተሩ፣ ናሁሰናይ እል ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምለው። እግዜር ያሳይህ፣ ከዋንጫውም በኋላ፣ ከቢሮህም ከተመለስኩ በኋላ እለው ነበር። ከእንግዲህ ግን አልልም።

አክስትህ ሀብትነሽ
ከማንኩሳ በታች፣ ኅዳር ፳፻፱ ዓ.ም.