የተዘለለችው ቁልፍ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድስ ጣቶችህን ምን አደረጋቸው? እኛ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረን ነገር የለም፣ አምላክ ይመስገን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። በኦርጋን የተጫወትከው የሙዚቃ ሸክላህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጉልበቷንም ረስታዋለች።

ሸክላህ ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ በባቡር ገባ። መጋላ ገበያ የሸክላ ሱቅ ያለው ካሂን ገና ከካርቶኑ ሳያወጣው እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ማጫወቻውን ወደ መንገዱ አዙሮ ለቀቀው። ባለጋሪዎቹ ሳይቀሩ ቆመው ሰሙ። ካሂን ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ አቦ የኛ ልጅ ነው፣ ወላሂ የኛ ልጅ ነው እያለ ሻይ ሲጋብዝ ዋለ። ጋባዡ እሱ፣ የተኩራራሁት እኔ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀደው ነበር።

ያመጣህብንን ጉድ ደግሞ ስማ። የከተማው ሙዚቀኛ ሁሉ አንተን ካልሆንኩ ብሏል። ከዚራ ሰፈር ሆቴል ውስጥ የሚጫወተው ዓብዱልአዚዝ አዲስ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ተገዝቶለት ሳለ፣ ከመሀል አንዷን ነጭ ቁልፍ በወረቀት ወትፎ እንዳንተ እሷን መዝለል ይለማመዳል። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ዑመርም እዚያች ቦታ ሲደርስ ትንፋሹን ውጦ ያልፋታል። አንዱ ከአሜሪካኖች የተማረው ጃዝ ነው ይላል፤ ሌላው ባቡሩ የሐዲዱን መገጣጠሚያ ሲዘል የሚያሰማው ኳኳታ ነው ያስተማረው ብሎ ይምላል። እኔን ሲጠይቁኝ፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነው እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

የሸክላውን ጀርባ ገልብጬ ሳነብ የመጀመሪያው ዜማ ስም «ለታላቅ ወንድሜ» ይላል። ያቺ ዝላይ የበዛችበት እሱው ነው። ሰው እየመጣ እጄን ጨበጠኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

ያንን የመስቀል ማግስት ታስታውሰዋለህ? በክረምቱ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የምንጫወትበት ክበብ ድረስ ገብቶ ነበር። ያ ግሪክ ወዳገሩ ሲገባ ትቶልን የሄደው በእግር የሚረገጠው ኦርጋን ግን መድረኩ ላይ ስለነበር ውሃው ከእግሩ አላለፈም። ወንበሩ ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔ ነበር። በመስቀል ዕለት የባንዳችን አለቃ በሰው ፊት፣ ከእንግዲህ ታናሽህ ይቀመጥበት፣ ጣቱ ካንተ ይበልጣል አለኝ። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ገና በመጀመሪያው ዘፈን፣ አንዷ ቁልፍ ድምፅ ነሳችህ። አንዴ ብቻ ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ አየሁ። ከዚያ በኋላ ዘለልካት፤ በሁለተኛው ዘፈን ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ።

ኦርጋኑ ሲከፈት ለዚያች ቁልፍ ድምፅ የምትሰጠው የናስ ምላስ ከቦታዋ የለችም። ሁሉም ደቻቱ ወሰዳት አለ። ውሃ ከዚያ ሁሉ ምላስ አንዷን ብቻ እንዴት መርጦ ይወስዳል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አንተም አልጠየቅክም። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት አልጠየቅክም። ዛሬ የሚሠራ ኦርጋን አግኝተህም ትዘላታለህ፤ ዘለህ ዘለህም ዜማውን ለእኔ ሰጠኸኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ባቡሩ ላይ የሚሠራው ነጋ ነው። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይሰጥሃል። ስትፈታት ታውቃታለህ። ከዚያ የመስቀል ሌሊት ጀምሮ ከመፍቻ ሳጥኔ ሥር ነበረች። መስቀል በመጣ ቁጥር ስለምወለውላት እንደ አዲስ ታበራለች።

አሮጌው ኦርጋን ዛሬም ክበቡ ውስጥ አለ። እኔ ልገጥማት እችል ነበር፣ እጄ ሙያውን ያውቃል፤ ነገር ግን አንተ ሳትፈቅድ አይሆንም። ለገና ይዘሃት ና። ካልፈለግክም እዚያው ጣላት፣ ብቻ አንተ ና። ከመጣህ ግን ወንበሩ ላይ አንተ ትቀመጣለህ፤ እኔ ከሥር ተንበርክኬ እገጥማታለሁ።

ጣቶችህን ከቁርጥማት፣ ስምህን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ። የአባታችን ምርቃት አይለይህ።

በአንተ የሚኮራው፣
ታላቅ ወንድምህ