ያልሰጠሁህ የጥሪ ወረቀት

ለልጄ ለአዩብ አበጋዝ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ልጄ? ዓይንህ እንዴት ነው? ባለፈው ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ጭሱ ነው ወይስ ጉንፋን? ሙቀቱስ ቀነሰልህ? ብረቱ ጥላ ውስጥ ሆኖ እንኳ እጅ ያቃጥላል ብለኸኛልና ጓንትህን አታውልቅ። እንቅልፍስ ታገኛለህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔና እህትህ ፈርሂያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ውርጩ ዘንድሮ ቶሎ ገባ፤ የላይኛውን ማሳ ገብስ መትቶታል። ጉልበቴም ብርዱ ሲጠና አልታዘዝ ይለኛል። ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የጎረቤታችን የሱፍያን ልጅ ሀዲያ ናት። አንተ ካለህበት አገር ለሁለት ወር ዕረፍት መጥታ ነበር፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ ወደ ደሴ ትወጣለች፣ ከዚያ ወደ እናንተ ትመለሳለች። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ሁለቱን ጊዜ ግን እኔው ዘግቼው ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ፊደሌ እንደምታውቀው ነው፤ የተጣመመውን አቅንተህ አንብብ።

የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። መርከብ የሚጠገንበት ግቢ ስትገባ በያጅ ነኝ ብለህ ተፈተንክ። እንደ ጣት የወፈረ ብረት ሰጡህ፤ በየድከው፤ ላዩ አማረ። ከዚያ ቆርጠው በማሽን ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ከጀማሪዎቹ ጋር መደቡህ፤ ገመድ መጎተት፣ ዝገት መፋቅ፣ ሌላው ሲበይድ እሳት ማጥፊያ ይዞ ፍንጣሪ መጠበቅ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል አሉህ። አንተ ግን «እማ፣ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ያኔ ለትምህርቱ፣ አሁን ለሥራው። ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም። ሁለተኛ አልፈተንም፤ ውሌ ሲያልቅ መጥቼ ገብሴን አጭዳለሁ» አልከኝ።

እኔ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ። መልእክትህን ይዤ ጋሽ አስናቀው ብየዳ ቤት ሄድኩና አሰማኋቸው። የመስጊዱን አዲስ በር እየሠሩ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ «የት አባቱ! መርከብ ላይ ወጥቶም እንደ እኔ እጅ ነው እንዴ የሚበይደው?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፋ። «በዛች፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። እኛ አገር የሚበየደው ላሜራ ነው፤ ስስ ስለሆነ እሳቱን ትንሽ ካቆዩበት ይበሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ «አንሳ! አንሳ አንተ! በሳኸው!» እያሉ ነው ያስተማሩህ። ነካ አድርገህ ትሸሻለህ፤ የጎደለውን ስቱኮና ቀለም ይሸፍነዋል። «ለበር ምን አነሰው? ባሕር አይገባበት!» አሉ። ወፍራሙ ብረት ግን ለመቅለጥ ጊዜ ይፈልጋል። አንተ ሳይቀልጥ ትሸሸዋለህ፤ ላዩ ይያያዛል፣ ውስጡ እንደተለያየ ይቀራል።

ከዚያ ከተገለበጠ ሲኖትራክ የተረፈ ወፍራም ብረት አወጡና ማስኩን አጠለቁልኝ። «እይና ጻፊለት» አሉ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። እሳቱ ሲነሳ ከሥሩ የቀለጠች ትንሽ ነገር አየሁ፤ እንደ ማር ትንቀጠቀጣለች። «እሷን ይይ፤ ፍንጣሪው አያታለው። ግራና ቀኝ ያለው ብረት ወደ እሷ ሲገባ ሳያይ እጁን እንዳያንቀሳቅስ» አሉ። እሳት ጥበቃ ስትቀመጥም ማስክ አድርገህ የበያጁን እጅ እያየህ ቁጠር፤ አንዷን ቦታ ስንት እስክትቆጥር ይቆይባታል? እሱን ያዝ ብለዋል። ስወጣ «በዛች፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ነገ ቱታ ለብሰሽ ነይ፣ ረዳት አጥቻለሁ» ብለው ቀለዱብኝ። መሳቅ አቃተኝ። የእኔን ጥፋት የራሳቸው አድርገው ሲሸከሙ ዝም ብዬ ሰምቻለሁና።

አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔም ከጎንህ ሆኜ ፊደል እንደቆጠርኩ ታስታውሳለህ። «እማ እኮ እስከ ፐ ደረሰች» እያልክ ለመንደሩ ሁሉ ታወራ ነበር።

በ2011 መግቢያ ላይ ኮምቦልቻ ላለው የሙያ ማሠልጠኛ ብየዳ ልማር ብለህ አመለከትክ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስምህ አልነበረበትም። አባትህ ሞቶ ሰደቃው ከወጣ ገና ወሩ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ የቀበሌው ጸሐፊ ምስክር ገበያ ውስጥ አግኝቶኝ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ለአዩብ ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ። መንገድ ዳር ቆሜ አነበብኩት። በተጠባባቂነት ተይዘህ ነበር፤ ቦታ ተገኝቷል፤ በአምስት ቀን ውስጥ ቀርበህ ተመዝገብ ይላል።

አልሰጠሁህም።

ፈርሂያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ማሳው አጫጅ ይጠብቅ ነበር። የአባትህ ጋቢ ገና ከግድግዳው አልወረደም። ዛሬ እሰጠዋለሁ፣ ነገ እሰጠዋለሁ ስል አምስቱ ቀን አለፈ። ምስክር ሲጠይቀኝ «እምቢ አለ» አልኩት። እሱም በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ማንበብ ባልችል ኖሮ «ምን ይላል?» ብዬ እሰጥህ ነበር። ለእኛ ቤት ተጽፎ እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው፤ ያስተማርከኝን ፊደል አንተኑ ለማስቀረት አዋልኩት። ኅዳር ላይ ጋሽ አስናቀው ዘንድ ስትገባ፣ አጠገቤ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው አልበረከተልኝም። ማታ ማታ ፊትህ በፍንጣሪ ተበሳስቶ ስትገባና «ብማር ኖሮ» ስትል፣ ራትህን አቅርቤ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞር ነበር። ሰባት ዓመት እንዲህ መኖር አድክሞኛል ልጄ።

ይቅር ማለት ስትችል አፉታህን ትሰጠኛለህ፤ ባትችልም አልቀየምህም። ብትመጣ በርህ ክፍት ነው። ለእኔ ብለህ እንዳትመጣ፣ ለእኔ ብለህም እንዳትቆይ። ግን ወድቄያለሁ ብለህ ስትቆጥር እኔ የሠራሁትን ከራስህ ላይ አትቁጠር። ወረቀቱን ከአባትህ መታወቂያ ጋር በፌስታል ጠቅልዬ አኑሬው ነበር፤ ይኸው ከደብዳቤው ጋር አለ። ስምህን እየው፤ ማኅተሙንም እየው።

ፈርሂያን በጣም ናፍቀሃታል፤ የመርከቡን ፎቶ ለክፍሏ ልጆች አሳይታ ስሙን ሁሉ አስጠንታቸዋለች። ይህን ነገር አላወቀችም፤ አንተ ካነበብክ በኋላ እነግራታለሁ። የመንደራችን ሽማግሌ አባባ ጋሹ ዱዓ ያደርጉልሃል፤ ጆሯቸው ደክሟል እንጂ ስምህ ሲጠራ ይሰማሉ። ሱፍያንና ቤተሰቡ ሰላም ብለውሃል። ጋሽ አስናቀው ደግሞ «ስድስት ዓመት አንሳ ያልኩትን ሽሬዋለሁ፤ አታንሳ በይው» ብለዋል።

እኔም ከዚህ በላይ የምልህ የለኝም። አዩብዬ፣ አንተ የወደቅከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እናትህ በዛች
መካነ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.