አንድ አካፋ፣ አርባ ሁለት ተረካቢ

ቁጥር፦ ቁጥር የሚሰጠው የእርስዎ መዝገብ ቤት ስለሆነ ለጊዜው የለውም
ቀን፦ ረቡዕ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለተከበሩ አቶ ኃይለኢየሱስ፣ የኮሌጁ ሬጅስትራር ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ልጄን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመላክ ከበር ኋላ የተጋደሙ አካፋዎች እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለቢሮዎ ጣሪያ ደግሞ ጥገናን እመኛለሁ። ጣሪያውን ለምን እንዳነሳሁ ዝቅ ሲሉ ያገኙታል።

ወልደየሱስ ሀንዲሶ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የግንባታ ዕቃና የእርሻ መሣሪያ እሸጣለሁ። የየቀኑን ነገር በማስታወሻ ደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቀንና ሰዓት አለው። ልጄ ሮዳስ ከኮሌጅዎ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ሃንጋሪ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረቅ ማህተም ያረፈበት የትምህርት ማስረጃዋ ታሽጎ እስከ ነገ ወዲያ አርብ በፖስታ ካልተላከ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ማስረጃው ደግሞ የኮሌጁ ንብረት በእጇ እንደሌለ የሚመሰክር ክሊራንስ ካላመጣች አይሰጥም። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመላት፣ ምግብ ቤቱ ፈረመላት፣ ንብረት ክፍል ግን አንድ አካፋ እንዳለባት ነገራት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አምና ሐምሌ አርባ ሁለት ተማሪዎች ወደ ሌሞ አቅጣጫ ችግኝ ሊተክሉ ሲወጡ፣ ኮሌጁ ለሁሉም አንድ አካፋ አስይዞ ስለላካቸው የቁጠባ ባህላችሁን አደንቃለሁ። የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት በመረሳቱ ተማሪዎቹ መገኘታቸውን በዕቃ ማውጫ ቅጽ ላይ እንዲፈርሙ መደረጉም ብልሃት ነበር። አንዱ አካፋ ሲጠፋ አርባ ሁለት ተረካቢ ተገኘለት። ችግኞቹን በዚያው ሳምንት ፍየል ጨርሷቸዋል፤ ስለ እነሱ ክሊራንስ የጠየቀ እስካሁን የለም።

2ኛ. የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ሶፎንያስ እያንዳንዱ ተመራቂ አንድ አዲስ አካፋ ከነደረሰኙ ካላስገባ እንደማይፈርሙ በመወሰናቸው፣ በክረምት እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ ስለማላውቅ ነጋዴው እኔ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሞርሲቶ የመጡም፣ ከሀቢቾ የመጡም ልጆች ከእኔ ገዝተው አስገቡ። አርባ አንድ አካፋ፣ አርባ አንድ ደረሰኝ፣ ሁሉም በእኔ ፊርማ፣ አንዱም አልተመለሰም።

3ኛ. አርባ ሁለተኛዋ ሮዳስ ነበረች። ከመደርደሪያዬ አንስቼ፣ ደረሰኝ ቆርጬ ላክኋት። አቶ ሶፎንያስ ደረሰኙን ገልብጠው አይተው፣ ሻጩ የገዢዋ አባት ስለሆነ የጥቅም ግጭት አለበት በማለት ከማይዛመዳት ነጋዴ እንድታመጣ መለሷት። ጎረቤቴ ፈትሁዲን ጋ ሄድኩ፤ አካፋ አልቆበት ስለነበር ከእኔው ሱቅ አንድ ወስዶ ለእኔው ሸጠልኝ። ደረሰኙን ሲቆርጥ፣ አይ ወልዴ፣ ሰው የገዛ አካፋውን መግዛት ከጀመረማ እኔም የራሴን ሱቅ ለራሴ ላከራይ ነው ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ይኸኛው አካፋ ተቀባይነት አገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ ልዩነታቸውን ለማግኘት ብጥርም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ያለው ዓይን የለኝም።

4ኛ. ሰኞ ጠዋት አቶ ሶፎንያስ ለአርባ ሁለቱ አካፋዎች ቦታ ሲያመቻቹ፣ አምና የጠፋውን ከመጋዘኑ ጥግ ከነቁጥሩ አገኙት። እንኳን ደስ አላችሁ። ሮዳስ ታዲያ የእኔ ይመለስልኝ ብትል፣ ፋይሉ አንዴ ስለተከፈተ መሟላት እንዳለበት በትህትና ስላስረዷት አመሰግናለሁ።

5ኛ. ክሊራንሱ ተፈርሞ፣ ማስረጃው ታትሞ፣ እርስዎም በተከበረ እጅዎ ፈርመውበት የቀረው ደረቅ ማህተሙ ብቻ ነበር። ማህተሙ ግን የቢሮዎ ጣሪያ ስለሚያፈስ ክረምቱን የሚያሳልፈው መጋዘን ውስጥ ነው። አቶ ሶፎንያስ የልጄን አካፋ ከበሩ አጠገብ አስደግፈው፣ ወጥተው፣ በሩን ሲዘጉት ከውስጥ ታላቅ ድምፅ ተሰማ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ብረት አለው፤ አርባ ሦስት አካፋ ከበሩ ኋላ ተጋድሟል። እርስዎም ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚሰበሰብ ስለነገሩን፣ አርብ ከሰኞ በፊት እንደሚመጣ ላስታውስዎ እደፍራለሁ።

በቤታችን ሻንጣው ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ባለቤቴ ብርነሽ ለስንቋ ያዘጋጀችውን ዳጣ ሦስት ጊዜ አስገብታ ሦስት ጊዜ አውጥታዋለች። የሽኝት ጸሎት ሁለት ጊዜ ተደርጓል፤ ለመሰናበት የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ ሮዳስን ተቀምጣ ሲያገኛት፣ አንቺ ልጅ አሁንም አለሽ እንዴ እያለ ቅር ይለዋል። እሷ ስቃ ትሸኛቸውና ጓዳ ትገባለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው የማገኘው። ይህን በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ቁጥር ግን አልሰጠሁትም።

መጋዘንዎ እስኪሞላ በታማኝነት ያገለገልኩዎት፣ ለበርዎ መከፈት ቀን ከሌት የምማልድ፣
ወልደየሱስ ሀንዲሶ
የአካፋ ነጋዴና የአካፋ ገዢ

ግልባጭ፦
ለፈትሁዲን፣ የማይዛመደን ነጋዴ
ለአርባ ሦስቱ አካፋዎች፣ ባሉበት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል አቶ ሶፎንያስ በሩን የሚፈነቅሉበት ዲጅኖ ሊዋሱ ሱቄ መጡ። ጎረቤት ነንና በደስታ አዋስኳቸው። የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ግን፣ ያንኑ አንድ ዲጅኖ ከእርስዎ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ በኮሌጁ ሠራተኞች ሁሉ ስም መዝግቤዋለሁ። ዲጅኖውን የሚመልሰው ሰው በሌላ እጁ የታሸገ ፖስታ ካልያዘ፣ ከመካከላችሁ ለአንዳችሁም ክሊራንስ አልሰጥም። ሱቄ አርብ እስከ ቀትር ክፍት ነው፤ በሩም ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።