የመደርደሪያው ጀርባ

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

መጽሐፎቹ ዛሬም መሬት ላይ ናቸው። እማዬ ቅዳሜ አቧራ ልታራግፍላቸው ከመደርደሪያው አወረደቻቸው፤ መልሳ ግን አልደረደረችም። የወንድሜ የታምራት የዩኒቨርሲቲ መጽሐፎች፣ የአባባ መጽሐፍ ቅዱሶች፣ የኔ የድሮ ደብተሮች ሳሎን መሀል ተከምረዋል። ወደ ጓዳ ለማለፍ እየተሻገርናቸው ነው።

ልመልሳቸው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተይው። ጀርባውን አይተሽዋል?" ጀርባው ያው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ያልተላገ፣ ያልተቀባ። ምን ሆነ አልኳት።

"ባዶውን ሳየው ሬሳ ሣጥን መሰለኝ። መጽሐፍ ብትደረድሪበትም ከኋላው እንዳለ አውቃለሁ።"



ታምራት ድምፁ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ቀበሌ ተደራጁ ሲላቸው ከጎረቤታችን ልጅ ከብንያም ጋር ኮብልስቶን ጠረበ። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱ ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ እንሄዳለን ብለው ወጡ። የደወሉልን ከናይሮቢ ነው፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልንሻገር ነው ብለው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የሚያሻግራቸው ደላላ ስልክም ተዘግቷል።

እማዬ እራት አልቀመሰችም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

በምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ ወደ ከተማችን ፒያሳ ሄድኩ። መጋረጃና ምንጣፍ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የግድግዳ ወረቀት በጥቅል አለ። ወርቃማ አበባ ያለበት፣ ጡብ የሚመስል፣ አንዱ ደግሞ ነጣ ባለ መደብ ላይ አረንጓዴ ቅጠል። ለመደርደሪያው ጀርባ ቅጠሉን መረጥኩ። ሻጯ "ለሙሽራ ቤት ነው?" ስትለኝ አዎ አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። "እንኳን ደስ ያለሽ" ብላ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል አሰረችልኝ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ።

አባባ ጥቅሉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። "ልጄ በየት ጫካ እንዳለ ሳላውቅ ቤት አላስጌጥም። ጎረቤት ምን ይለናል? ነገ መልሺው" አሉኝ።

እማዬ ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ ጥቅሉን ፈታችው፤ በመዳፏ ዳበሰችው። "ለክተሻል?" አለችኝ። አልለካሁም። ከመሳቢያው ሜትር አወጣች።

ከሰኔ ወዲህ ማንም ሳይለምናት ስትነሳ ያየሁት ዛሬ ነው። አባባም አዩ። መልሺው ማለታቸውን ተዉት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። የመደርደሪያውን የላይኛ ክፍል ጀርባ ኮላ ቀብቼ ወረቀቱን ለጠፍኩት። መጀመሪያ ያምር ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። ኮላው በዝቷል፣ እንጨቱ ሻካራ ነው፣ ሐምሌ ነው፤ በሐይቁ በኩል የሚመጣው እርጥበት ምንም ነገር አያደርቅም። ላነሳው ስል ተቀደደ። ወረቀቱ ሊያንሰን ነው ብዬ ተበሳጨሁ።

"መጀመሪያ ፊቱን እናለስልሰው" አለች እማዬ። የብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ መጣሁ። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ፈገፈግን። የእንጨቱ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ሰፈረ። አሮጊት መሰልሽ አልኳት። "አይደለሁም እንዴ?" ብላ ሳቀች። አጭር ሳቅ፤ ወዲያው ያፈረችበት።

ከዚያ እኔ በማስመሪያና በምላጭ ስቆርጥ፣ እሷ ኮላውን በውሃ አቅጥና ትቀባለች። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች እየለቀቀች አየሩን ከመሀል ወደ ዳር በጨርቅ ትገፋዋለች። ሁለት ክፍል ጨረስን። ሁለት ቀረ።

እራት በላች። ብዙ አይደለም። ግን በላች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

ገና ሳይነጋ ኮቴ ሰማን። ብዙ ሰው ነው፤ ማንም አያወራም። በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል። አባባ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ። እማዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨበጠች። እኔ በሩ ሥር ቆምኩ።

ኮቴው ደጃችን ደረሰ። አለፈ። የብንያም እናት የእትዬ አማረች በር ተንኳኳ።

ጩኸታቸውን አልጽፈውም። ይህን ግን ማንም ስለማያነበው ልጻፈው፦ ኮቴው ሲያልፍ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና ነው።

ብንያም ሞቷል። ናይሮቢ ያለ የሰፈር ልጅ ነው ለብንያም አጎት የደወለው። መንገድ ላይ ታሞ ሞተ፤ ከዚህ በላይ አያውቅም። አባባ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ወደ ጎን ወስደው "የኔስ?" ብለው ጠየቋቸው። "ስሙ አልተነሳም" አሏቸው። ስሙ አልተነሳም። ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል ሳገላብጥ ዋልኩ።

ብንያም ለእናቱ አንድ ነበር። እማዬ አቅፋቸው ስታለቅስ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና "ያንቺስ? አብሮት አልነበረም?" አሏት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ድንኳን ተተክሏል። እኛ ስንገባ ሴቶቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። የሚያዩን ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

የዕድር ሰዎች ወንበር ሊዋሱ ቤታችን ገብተው ነበር። የተከመሩትን መጽሐፎችና እስከ ግማሽ የተለጠፈውን መደርደሪያ አይተዋል። ከሰዓት በኋላ ከጀርባችን የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ "ልጃቸው ጠፍቶ እነሱ ቤት ያሳምራሉ" ስትል ሰማሁ። እማዬም ሰማች። አልዞረችም።

ቤት ስንገባ ገሽልጣ ትጥለዋለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ኮላውን አነሳች። ብቻዋን ስለያዘችው ወረቀቱ ይጣመምባት ጀመር። አባባ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉና ሌላውን ጫፍ ያዙላት።

"ትንሽ ወደ ግራ" አሉ።

"ሰው የሚለውን ሰምተሃል?" አለቻቸው።

"ሰምቻለሁ። ወደ ግራ።"

ጨረስነው። አንዱ ጥግ ላይ ቅጠሎቹ አልገጠሙም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

መጽሐፎቹን እየመለስን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው።

"ምሕረት፣ እኔ ነኝ።"

ታምራት ነው። የተናገረውን ሳይጠፋኝ ልጻፍ። ማላዊ እስር ቤት ነው። ስልኩ የዘበኛ ነው። እግሩ ቆስሏል እንጂ ደህና ነው። ብንያምን ወባ ያዘው፤ ደላላው ጥሏቸው ሄደ። ታምራት ተሸክሞት ተጓዘ፤ ጫካ ውስጥ እጁ ላይ ሞተ። ከመኪና መንገድ ብዙ ሳይርቅ፣ ዛፍ ሥር፣ በሳህንና በእጁ ቆፍሮ ቀበረው። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። "ልጄ" አለችው። "አቤት" አላት። "ለእትዬ አማረች" ብሎ ሲጀምር ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም።

እማዬ ተንበረከከች። እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባባ መዳፋቸውን አፏ ላይ አደረጉ። ከግድግዳው ማዶ ለቅሶው ይሰማል። ሦስታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን ያለ ድምፅ አለቀስን። ደስታችንን እንደሰረቅነው ዕቃ ደበቅነው።

ለእትዬ አማረች ማን ይንገራቸው? አባባ "ለቅሶው ይብረድ" አሉ። እማዬ "ከሌላ ሰው ከሰሙ ዓይናቸውን ማየት አልችልም" አለች።

እሑድ፣ ሐምሌ 15

ቸርች አልሄድንም። እማዬ እኔን አስከትላ እትዬ አማረች ጋ ገባች። ፍራሽ ላይ ናቸው። ሴቶቹን ትንሽ ተዉን ብላ አስወጣቻቸው፤ ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ "ታምራት ደወለ" አለቻቸው።

ይረግሙናል፣ ያባርሩናል ብዬ ጠበቅሁ።

"አብሮት ነበር?" አሉ።

"አብሮት ነበር።"

"አፈር ለብሷል?"

"ለብሷል።"

"ማን አለበሰው?"

"ታምራት። በእጁ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አውሬ የበላው መስሎኝ ነበር" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ሲሞት ምን አለ?" ብለው ጠየቁ። እማዬ አታውቅም። ስልኩ ተቋረጠ አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እትዬ አማረች ናቸው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከፍራሹ አይነሳም፤ እሳቸው ድንኳን ሙሉ ሰው እያያቸው መጡ። "ሲደውል እኔ ልጠይቀው" አሉ። እማዬ ወንበር ስታቀርብላቸው እምቢ ብለው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ መሀላቸው አስቀመጥኩት።

ሊመሽ ነው። አልደወለም። ሊጠሯቸው የመጡትን ሁለት ጊዜ መለሱ። ሾርባ አቅርበንላቸው ማንኪያውን እንደያዙ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

"እስር ቤት ምግብ ይሰጡታል?" አሉኝ።

ስለ ታምራት ነው። አላውቅም አልኳቸው።